ወሎ ምን ያህል ሞቀ? ከአንድ ጣቢያ መዝገብ የሠላሳ ዓመት የሙቀት አዝማሚያን የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ደሴ የገባ ሰው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል ብንል፣ ሰውየውን ጋቢ የሚያስደርበው ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሙቀት ጨመረ የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ አይዘልም። የምንፈልገው ለውጥ የዚህ አጭር ጉዞ ሩብ ቢሆን ነው ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ወዳለ ቦታ ቢዛወር፣ አጠገቡ ዛፍ ቢያድግ ወይም መዝጋቢው የሚያነብበት ሰዓት ቢቀየር የሠላሳ ዓመቱን ለውጥ ሊውጠው፣ የሌለውን ለውጥም ሊፈጥር ይችላል።

ስለዚህ በተራራማ አገር ሥራው ከስሌቱ በፊት ይበዛል። ስሌቱን ኮምፒውተር በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ መዝገቡን ማጥራት ግን ሳምንታት ይፈጃል። ይህ መመሪያ ለወረዳ ግብርና ባለሙያ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚዘጋጅ ተማሪና ለአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ የሚሆን ነው። የሚያስፈልገው ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር፣ ቢያንስ የ30 ዓመት የየቀን መዝገብና ትዕግሥት ነው።

1. ጣቢያውን መምረጥና መዝገቡን መጠየቅ

የአገራችን ጣቢያዎች በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። አንደኛ ደረጃ የሚባሉት በየሰዓቱ የሚመዘግቡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛ ደረጃዎቹ ዝናብን ከዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ጋር ይይዛሉ፤ አራተኛ ደረጃዎቹ ዝናብ ብቻ ይለካሉ። ብዙ ጀማሪ የጣቢያ ስም ከካርታ ላይ መርጦ ደብዳቤ ካጻፈ በኋላ ጣቢያው የዝናብ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ቀድማችሁ ደረጃውን ጠይቁ።

በወሎ ሙቀት ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች ኮምቦልቻ፣ ሲሪንቃ፣ ቆቦ፣ ላሊበላ፣ ወገል ጤናና መካነ ሰላም ይጠቀሳሉ። አንዱን ዋና ጣቢያ አድርጉና ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ጨምሩ። ጎረቤት ሲባል በኪሎ ሜትር የቀረበ ብቻ አይደለም፤ በተዳፋቱ በአንድ ወገን ያለ፣ ዝናቡን በአንድ ወቅት የሚያገኝ መሆን አለበት። ቆቦ ከራያ ሜዳ ላይ ነው፤ ላሊበላ ከተራራው ማዶ በተከዜ ተፋሰስ በኩል ነው። በቀጥታ መስመር ቢቀራረቡም ደመናቸው አንድ አይደለም።

የቢሮ ወይም የዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ኮምቦልቻ ለሚገኘው የአገልግሎት ማዕከሉ አመልክቱ። በማመልከቻው ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የየቀኑ ከፍተኛ ሙቀት፣ የየቀኑ ዝቅተኛ ሙቀት፣ የየቀኑ ዝናብ፣ እና የጣቢያው ታሪክ። የወር አማካይ ብቻ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። በወር አማካይ ውስጥ የተደበቀ ስህተት አይታይም፤ የጎደለ ቀን ስንት እንደሆነም አይታወቅም። ዝናቡ የተፈለገው ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

2. የመሣሪያውን ታሪክ ማንበብ

የጣቢያው ታሪክ ማለት መቼ ተከፈተ፣ ከፍታውና መገኛው ስንት ነው፣ ተዛውሮ ያውቃል ወይ፣ ቴርሞሜትሩ መቼ ተቀየረ፣ አውቶማቲክ ጣቢያ መቼ ተተከለ የሚል መዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ የተሟላ ሆኖ አይገኝም። ከተቻለ ሄዳችሁ እዩት፤ የቆየውን መዝጋቢ አናግሩ። ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ምን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ ሳጥኑን። ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡት ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ባለ፣ ጎኑ አየር በሚያስገባ ነጭ የእንጨት ሳጥን (ስቲቨንሰን ስክሪን) ውስጥ ነው። በእኛ በኩል በሩ ወደ ሰሜን ይዞራል። ቀለሙ ሲያረጅና አቧራ ሲጠጣ ፀሐይ ስለሚስብ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከእውነቱ በላይ ይነበባል። በየጥቂት ዓመቱ ቀለም በተቀባ ቁጥር ንባቡ ወረድ ይላል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካደገ ቀን ጥላ ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ ሰማዩን ስለሚከልል ቅዝቃዜውን ይቀንሳል። ግቢው አስፋልት ወይም ኮንክሪት ሆኖ ከሆነም ይመዝገብ።

ቀጥሎ ዝቅተኛውን የሚለካው ቴርሞሜትር ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው በአልኮል ነው። አልኮሉ በዓመታት ውስጥ ይተንና ከቱቦው ጫፍ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ያህል ከታችኛው ዓምድ ስለሚጎድል ንባቡ ከእውነቱ በታች ይሆናል። በጉዞ ወይም በመነቅነቅ ዓምዱ ሲቆራረጥም እንዲሁ ነው። መዝገቡ ላይ የሚታየው ሌሊቱ በዓመታት ቀስ እያለ የቀዘቀዘ መስሎ፣ አዲስ ቴርሞሜትር በተተከለበት ወር በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሲዘል ነው። ይህን ዝላይ የአየር ንብረት ለውጥ ብሎ የጻፈ ጽሑፍ ብርቅ አይደለም።

ከፍተኛውን የሚለካው በሜርኩሪ ሲሆን፣ ከታች ያለው ጠባብ ማነቆ ሜርኩሪው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ማነቆው ከተዳከመ ሜርኩሪው ሳይነበብ ይወርዳል፤ ንባቡ ያንሳል። መዝጋቢው ካነበበ በኋላ አራግፎ ካልመለሰው ደግሞ የትናንቱ ሙቀት ዛሬም ይጻፋል። ዛሬ ቀዝቅዞ ሳለ የትናንቱ 27.4 ተደግሞ ከታየ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የንባብ ሰዓት ሌላው ጉዳይ ነው። የተለመደው ዝቅተኛውን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከፍተኛውን ምሽት 12 ሰዓት ማንበብ ነው። ሁለቱንም ጠዋት የሚያነብ መዝጋቢ ካለ፣ ጠዋት ያነበበው ከፍተኛ የትናንት ቀትር ነው፤ በዛሬ ቀን ከተጻፈ መዝገቡ በአንድ ቀን ተንሸራትቷል። ለማወቅ የጣቢያውን ከፍተኛ ሙቀት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ጊዜ በዚያው ቀን፣ አንድ ጊዜ በአንድ ቀን አንሸራታችሁ አነጻጽሩ። ሲንሸራተት የበለጠ ከገጠመ ነገሩ ግልጽ ነው።

በመጨረሻም አውቶማቲክ ጣቢያ። ሜርኩሪ ከአገልግሎት እየወጣ ስለሆነ ብዙ ቦታ በኤሌክትሮኒክ መለኪያ እየተተካ ነው። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን የተመዘገቡበት ጊዜ ካለ ልዩነታቸውን አስሉት። ከሌለ የተተከለበት ቀን እንደ ስፌት (መዝገቡ በድንገት የሚዘልበት መጋጠሚያ) ይታያል፤ በ5ኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

3. የየቀኑን መዝገብ ማጥራት

ዋናውን ፋይል አትንኩት። ቅጂ አውጡና አራት ዓምድ አድርጉት፦ ቀን፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ማስታወሻ። ያረማችሁትን ሁሉ በማስታወሻው ዓምድ ከነምክንያቱ ጻፉ።

የቀን አቆጣጠሩን መጀመሪያ አረጋግጡ። የሜትሮሎጂ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከእርሻ ምርምር ወይም ከትምህርት ቤት የተገኘ ደብተር ግን በእኛው ሊሆን ይችላል። የካቲትና ፌብሩዋሪ አንድ አይደሉም፤ አንድ ሳምንት ያህል ይለያያሉ። ጳጉሜንን ወደ መስከረም የጨመረ ሰንጠረዥ ደግሞ ወሮቹን ሁሉ ያዛባል። እያንዳንዱን ቀን ወደ አንዱ አቆጣጠር ቀይራችሁ ከዚያ በኋላ ብቻ ወር ሥሩ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከዚያ እነዚህን ፈልጉ፦

– ዝቅተኛው ከከፍተኛው የበለጠበት ወይም እኩል የሆነበት ቀን። ብዙውን ጊዜ ተገለባብጠው ተጽፈዋል፤ በጎረቤት ጣቢያ ካልተረጋገጠ ግን አትገልብጡ፣ ባዶ አድርጉት።
– ነጥብ የጎደለው ቁጥር፣ 245 በ24.5 ቦታ።
– 0 ወይም -99.9፤ ያልተለካ ቀን በዚህ ይሞላል። በወገል ጤና ከፍታ በኅዳር ሌሊት 0 ዲግሪ እውነተኛ ሊሆን ስለሚችል በጅምላ አትሰርዙ። ቆቦ ላይ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ባዶ ቀን ነው።
– አንድ ዓይነት ቁጥር ለአምስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲደገም።
– ከዚያ ወር አማካይ ከአራት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የቁጥሮቹ የመበታተን መለኪያ) በላይ የራቀ ቁጥር።

ሌላም አለ። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ቁጠሩ። ከ0 እስከ 9 ያሉት ተመጣጣኝ ካልሆኑና .0 እና .5 ብቻ ከበዙ መዝጋቢው ወደሚመቸው ያጠጋጋ ነበር። ለረጅም ዘመን አማካይ ብዙ አይጎዳም። ማጠጋጋቱ ከአንድ የተወሰነ ዓመት በኋላ ቆሞ ከሆነ ግን ሰው ወይም መሣሪያ የተቀየረበትን ጊዜ ይጠቁማል።

4. የጎደለውን ማከም

በወሎ መዝገቦች ላይ ክፍተት ሲፈለግ የጦርነት ዓመታትን አስቡ፤ የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1991 ለውጥ፣ ከዚያም ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የጦር ሜዳ የሆኑበት የ2021 መጨረሻ። ክፍተቱ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ ከክፍተቱ በኋላ ጣቢያው በሌላ ቦታ ወይም በሌላ መሣሪያ ሥራ መጀመሩ ነው።

የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ደንብ ቀላል ነው፦ በወር ውስጥ 11 ቀንና ከዚያ በላይ ከጎደለ፣ ወይም 5 ተከታታይ ቀን ከጎደለ፣ የዚያ ወር አማካይ አይሠራም። አንድ ወር የጎደለበትን ዓመት የዓመት አማካይ ማውጣትም አይገባም። የጎደለው ጁን ከሆነ ዓመቱ የቀዘቀዘ፣ ዲሴምበር ከሆነ የሞቀ ይመስላል።

የጎደለ ወርን ከጎረቤት መሙላት ይቻላል፤ ግን ቁጥሩን ሳይሆን ከመደበኛው ያለውን ልዩነት ውሰዱ። ጎረቤቱ በዚያ ወር ከራሱ የረጅም ጊዜ አማካይ 0.8 ዲግሪ ሞቆ ከነበረ፣ ለእናንተ ጣቢያ የዚያን ወር የራሱን አማካይ ወስዳችሁ 0.8 ጨምሩ። ከጠቅላላው ከአሥር በመቶ በላይ መሙላት ካስፈለገ ጣቢያው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በክፍተቱ ያለፈውን አማካይ መለጠፍ የባሰ ነው፤ አዝማሚያውን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል።

5. ስፌቱን መፈለግ

የሁለት ጎረቤት ጣቢያዎችን የዓመት አማካይ ቀንሱና ልዩነቱን በግራፍ አውጡ። ሁለቱም በአንድ ሰማይ ሥር ስለሆኑ አገሩ ሲሞቅ አብረው ይሞቃሉ፤ ልዩነታቸው ግን በአንድ መስመር አካባቢ ከፍ ዝቅ እያለ ይቆያል። ለምሳሌ የሁለቱ ልዩነት ለአሥራ አምስት ዓመት 4 ዲግሪ አካባቢ ቆይቶ ከአንድ ዓመት ጀምሮ 2.9 ሆኖ ከቀረ፣ ከሁለቱ አንዱ ጣቢያ ተነክቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስተኛ ጎረቤት ያስፈልጋል፤ ሁለት ምስክር ሲጋጭ ሦስተኛ ካልተጠራ አይፈረድም።

በቁጥር ማረጋገጥ ለሚፈልግ የፔቲት ሙከራ (1979) እና የአሌክሳንደርሰን ሙከራ (1986) አሉ። አርኤችቴስትስ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ይህንኑ ይሠራል። ሙከራዎቹን በልዩነቱ ላይ እንጂ በራሱ በሙቀቱ ላይ አትሥሩ። በሙቀቱ ላይ ከሠራችሁ እውነተኛውን መሞቅ ራሱን እንደ ስፌት ቆጥረው ያሳዩአችኋል፤ ያን ስታርሙ የምትፈልጉትን ለውጥ ጠርጋችሁ ታወጡታላችሁ።

ስፌቱ ከጣቢያው ታሪክ ጋር ከገጠመ አርሙት፦ ከስፌቱ በፊትና በኋላ ያለውን የልዩነት አማካይ ለየወሩ ለብቻ አስሉና የፊተኛውን ክፍል ወደ ኋለኛው አስተካክሉ። በዓመት አንድ ቁጥር ማረም በቂ አይደለም፤ ጥላ በበጋ የሚያደርገውን በደመናማው ክረምት አያደርገውም። ታሪኩ የማይደግፈው ትንሽ ስፌት ከሆነ ተዉት፣ በማስታወሻ ግን ጻፉት። ትልቅ ሆኖ ምክንያቱ ካልታወቀ መዝገቡን እዚያ ላይ ቁረጡና ረጅሙን ክፍል ብቻ ተጠቀሙ።

የከተማ መስፋፋት ግን ስፌት አይሠራም፤ ቀስ እያለ ይገባል። ኮምቦልቻ በፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2017 ተመርቋል። ሲሚንቶና አስፋልት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ ዝቅተኛው ሙቀት ከገጠሩ ፈጥኖ ይጨምራል። ከሲሪንቃ ጋር ያለው ልዩነት በዝግታ እየሰፋ ከሄደና የሚሰፋው በዝቅተኛው ብቻ ከሆነ የከተማውን ድርሻ ጠርጥሩ።

6. ጣቢያዎችን በጥሬ ቁጥር አትደምሩ

«የደቡብ ወሎ አማካይ ሙቀት» የሚል ግራፍ ስታዩ ስንት ጣቢያ በየትኛው ዓመት እንደገባበት ጠይቁ። ሦስት ጣቢያ አሉ እንበል፤ አማካያቸው 21፣ 16 እና 14 ዲግሪ። ድምር አማካዩ 17 ነው። የደጋው ጣቢያ መዝገብ ቢቋረጥ የቀሩት አማካይ 18.5 ይሆናል። አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይሞቅ 1.5 ዲግሪ «ሞቀ»።

መድኃኒቱ ከመደበኛው ያለውን ልዩነት ማውጣት ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ፣ ለእያንዳንዱ ወር የ1991–2020 አማካይ ይሠራ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወር ከራሱ አማካይ ይቀነስ። ቆቦ ከቆቦ፣ ላሊበላ ከላሊበላ ጋር ይወዳደራል። ከዚህ በኋላ ልዩነቶቹን መደመር ይቻላል። በዚያም ቢሆን ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን ለየብቻ ይዞ መቆየት የተሻለ ነው።

ከዚያ በወቅት ክፈሉ፦ በልግ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በጋ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ። ጃንዋሪ ካለፈው ዓመት ኦክቶበር ጋር መቀመጥ እንዳለበት አትርሱ። ከፍተኛና ዝቅተኛውን ደግሞ በምንም ምክንያት አትቀላቅሉ። የሚነዷቸው ነገሮች ይለያያሉ፤ ከፍተኛውን ፀሐይ፣ ደመናና የአፈር እርጥበት፣ ዝቅተኛውን የሌሊት ሰማይ ጥራት፣ እርጥበትና ከተራራ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር። የሁለቱ አማካይ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

የዝናቡ መዝገብ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በልግ ሲቀር ሰማዩ ይጠራል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ የፀሐዩ ኃይል ውኃ በማትነን ፈንታ አየር ያሞቃል፤ የዚያ ዓመት የበልግ ከፍተኛ ሙቀት ይዘላል። በለጋምቦ፣ በኩታበርና በደላንታ በልግ ተደጋግሞ ሲቀር የሚታየው የቀን ሙቀት መጨመር ከፊሉ የዝናብ ጉዳይ ነው። ግራፉን ከዝናቡ ግራፍ ሥር አስቀምጣችሁ እዩት።

7. አዝማሚያውን ማስላት

በኤክሴል ስሎፕ (ሙቀቱ በዓመት የሚለወጥበት መጠን) የሚለው ፎርሙላ ቀጥተኛ መስመር ያወጣል፤ ለመጀመሪያ እይታ ይበቃል። ነገር ግን መጨረሻው ላይ አንድ ያልተለመደ ዓመት ካለ መስመሩን ይጎትተዋል። ስለዚህ የሴንን ስሎፕ (1968) ከማን-ኬንዳል ሙከራ ጋር መጠቀም የተለመደ ነው። ሁለቱንም በእጅ አንድ ጊዜ መሥራት ምን እንደሆኑ ያስተምራል።

ለመለማመጃ ብቻ የተፈጠሩ የስድስት ዓመት ዝቅተኛ ሙቀቶች እነሆ፦ 11.2፣ 11.5፣ 11.1፣ 11.6፣ 11.9፣ 11.7። እያንዳንዱን ዓመት ከኋላው ከሚመጡት ሁሉ ጋር አጣምሩ፤ 15 ጥንድ ይወጣል። ኋለኛው ከበለጠ ፕላስ 1፣ ካነሰ ማይነስ 1 ስጡ። እዚህ 12 ጥንድ ጨምሯል፣ 3 ቀንሷል፤ ድምሩ 9 ነው። ይህ የማን-ኬንዳል ውጤት ነው። ለስሎፑ የእያንዳንዱን ጥንድ ልዩነት በመካከላቸው ባለው ዓመት ብዛት አካፍሉ፤ 15ቱን በቅደም ተከተል ደርድሩና መካከለኛውን፣ ማለትም ስምንተኛውን ውሰዱ። 0.13 ዲግሪ በዓመት ይወጣል።

በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ለማወቅ፣ የዓመቱን ብዛት በአንድ ባነሰው፣ ከዚያም የዓመቱን ብዛት እጥፍ ሲደመር 5 በሆነው አባዙና ለ18 አካፍሉ። ለስድስት ዓመት፦ 6 × 5 × 17 ÷ 18 = 28.3። ስኩዌር ሩቱ 5.32 ነው። ከ9 አንድ ቀንሳችሁ (ድምሩ ማይነስ ቢሆን ኖሮ አንድ ትጨምሩ ነበር) ለ5.32 ስታካፍሉ 1.50 ታገኛላችሁ። በ95 በመቶ ለመተማመን ከ1.96 መብለጥ አለበት። ከ15 ጥንድ 12ቱ ጨምረው ሳለ እንኳ ፈተናውን አላለፈም፤ ስድስት ዓመት ምንም አይናገርም። ለ30 ዓመት ጥንዱ 435 ይሆናል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ከሌለ ድምሩ 111 ከደረሰ ፈተናውን ያልፋል።

ሰላሳ ዓመት በእጅ የሚሠራ የለም፤ አር በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ትሬንድ የተባለው ጥቅል፣ ፓይተን በተባለው ደግሞ ፓይመንኬንዳል ያወጡታል። ውጤቱን በአሥር ዓመት አባዝታችሁ «በአሥር ዓመት 0.3 ዲግሪ» እያላችሁ ጻፉ፤ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ጋር።

አንድ ወጥመድ አለ። ሞቃት ዓመት ሞቃት ዓመትን ይከተላል። ዓመታቱ እርስ በርስ ከተያያዙ ሙከራው ካለው በላይ መረጃ ያለው ይመስለዋል። የአንድ ዓመትና የተከታዩ ዝምድና (ኮሪሌሽን) 0.3 ከሆነ፣ 40 ዓመት የሚመዝነው 40 × 0.7 ÷ 1.3፣ ማለትም 21 ዓመት ተኩል ያህል ነው። ዝምድናውን ከአዝማሚያው ካጸዳችሁ በኋላ አስሉት፤ ከ0.2 በላይ ከሆነ የሐመድና ራኦን ማስተካከያ (1998) ተጠቀሙ። ፕሮግራሞቹ አላቸው።

ከዚያ ጫፎቹን ፈትኑ። ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ሦስት ሦስት ዓመት ቆርጣችሁ እንደገና አስሉ። መዝገባችሁ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ዓለም በቀዘቀዘበት በ1992 ጀምሮ በ2015/16 ኃይለኛ ኤል ኒኞ የሚያልቅ ከሆነ ስሎፑ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ጫፍ ሲቆረጥ በግማሽ የሚቀንስ አዝማሚያ ገና አልተረጋገጠም።

8. ያገኛችሁትን ከሚታወቀው ጋር ማስተያየት

በ2007 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የማጣጣሚያ የድርጊት መርሐ ግብር የአገሪቱ የዓመት ዝቅተኛ ሙቀት በአሥር ዓመት በ0.37 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር እንደነበር ያስቀምጣል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የተዘጋጀው የአገሮች የአየር ንብረት መግለጫ ደግሞ ከ1960 እስከ 2006 አማካዩ 1.3 ዲግሪ፣ በአሥር ዓመት 0.28 እንደጨመረ ይናገራል። በዓለም ደረጃ 2011–2020 ከ1850–1900 ጋር ሲነጻጸር በ1.09 ዲግሪ የሞቀ ሲሆን፣ የብሱ ብቻ 1.59 ነው።

ከእናንተ ጣቢያ በአሥር ዓመት ከ0.1 እስከ 0.5 ቢወጣ ነገሩ ያስኬዳል። 1.2 ከወጣ ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱ። ዝቅተኛው እየቀዘቀዘ ከወጣ ደግሞ አልኮል ቴርሞሜትሩን አስቡ፤ እሱ ነጻ ከሆነ ብቻ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ጣቢያው ከሸለቆ ሥር ከሆነ በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ወርዶ ይተኛበታል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከተዳፋቱ የተለየ ጠባይ ሊኖረው ይችላል።

9. ጣቢያ በሌለበት

አቡነ ዮሴፍ ወይም ደንቆሮ ጫካ ላይ የሠላሳ ዓመት ቴርሞሜትር አይጠበቅም። ያኔ የተቀናበረ መረጃ ይወሰዳል፤ የጣቢያና የሳተላይት መረጃን ያዋሃደው ኢናክትስ በ4 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ኢራ5-ላንድ በ9 ኪሎ ሜትር ስፋት ይገኛሉ። ናሳ ፓወር በነጻ በቀላሉ ስለሚወርድ ተማሪ ሁሉ ይወደዋል፤ የአንድ ሳጥኑ (መረጃው ካርታውን የሚከፋፍልበት አራት ማዕዘን) ስፋት ግን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወሎ ተረተር ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሳጥን ደጋውንና የአፋርን በረሃ አብሮ ያቅፋል። እንዲህ ያለ አማካይ የማንም ሙቀት አይደለም።

የሳጥኑን ከፍታ ከምትፈልጉት ቦታ ከፍታ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱን በ6.5 ዲግሪ በኪሎ ሜትር አስተካክሉ። ይህ የሚያርመው አማካዩን ብቻ ነው፤ አዝማሚያው አይታረምም። ጣቢያችሁን በኢራ5 ሞልታችሁ ከዚያ በኢራ5 አረጋገጥኩ ማለትም ራስን በራስ መመስከር ነው።

10. ዲግሪውን ወደ ተራራው መመለስ

በአሥር ዓመት 0.3 ማለት በሠላሳ ዓመት 0.9 ዲግሪ ነው። ለ6.5 ሲካፈል 0.138 ኪሎ ሜትር፤ ዱሮ በ2,300 ሜትር የነበረ ሙቀት አሁን ከ2,440 ሜትር አካባቢ ይገኛል። የደጋና የወይና ደጋ ወሰን በዚህ ያህል ሽቅብ ወጥቷል ይባላል፤ ግን ይህ የሙቀት መስመር ነው። ማሽላ ወይም ጤፍ አብሮ ይወጣል ወይ የሚለውን አፈሩ፣ ዝናቡና ውርጩ ይወስኑታል።

ውርጭን በተለይ ለብቻው ቁጠሩ። አማካዩ ዝቅተኛ ሙቀት ጨምሮ ሳለ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የጠሩ ሌሊቶች ያለው እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት ላይለወጥ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲነበብ ሜዳው ላይ አመዳይ ሊጥል ይችላል፤ ጸጥ ባለ ሌሊት መሬቱ ከሳጥኑ ብዙ ዲግሪ ዝቅ ይላልና። ስለዚህ ከ0 በታች ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከ3 ዲግሪ በታች ያሉትንም ሌሊቶች በየዓመቱ ቁጠሩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አመዳይ የሚጥልበትን ቀንም ያዙ፤ ገብስና ባቄላ ለሚዘራ ገበሬ ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ለጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ወሰን አለ። ወባ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች የሚያሰጋ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋስ በትንኟ ውስጥ ከ18 ዲግሪ በታች እጅግ ይዘገያል፣ ከ16 በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። አማካዩ 18 ዲግሪ የሚያልፍባቸውን ወራት በአሥር ዓመት እየከፈላችሁ ቁጠሩ። ከዝናብ ማግሥት ያሉት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከሌሎቹ ይልቅ ይመዝናሉ።

የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅም የሥራው ክፍል ነው። ግን «ሙቀት ጨምሯል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ አዎ ነው። ማሽላ እስከ የት ይዘራ ነበር፣ አመዳይ እስከ የትኛው በዓል ይቆይ ነበር፣ ወባ ያልነበረበት ቀበሌ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከቁጥሩ አጠገብ አስቀምጡት፤ ካልተስማሙ ቁጥሩንም ሰውንም እንደገና ጠይቁ።

ለቢሮው የሚቀርበው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የጣቢያው ስምና ከፍታ፣ ዘመኑ፣ የጎደለው በመቶኛ፣ የታረሙ ስፌቶች ከነቀናቸው፣ ከዚያ ለሦስቱ ወቅቶች የከፍተኛና የዝቅተኛ አዝማሚያ ከነወሰኑ፣ በመጨረሻም የውርጭ ሌሊቶች ቁጥር። ዋናውን ፋይል፣ የታረመውንና የእርማት ማስታወሻውን በሦስት የተለያየ ስም አስቀምጡ። አዲስ ዓመት ሲጨመር የ1991–2020ን መነሻ አትንኩ፤ አሥራ ሁለቱ ወር ሳይሞላም አዲሱን ዓመት ወደ ስሌቱ አታስገቡ።